አትማሩኝ ያለው ዓሣ አጥማጅ

በድሮ ዘመን፣ ወንዝም እንደ ሰው ትኩሳት በሚይዘው ዘመን፣ ደርበው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። እጁ ብልህ ነው፤ ጆሮው ግን ሰነፍ ነው። ከዓሣ ይልቅ ምስጋና ይወዳል።

እጁ እንዴት ብልህ መሰላችሁ? ከአውራ ዶሮ አንገት ላባ ይነቅላል፣ መንጠቆ ላይ በክር ይጠመጥመዋል፣ ዝንብ ይሠራል። ዝንቡ ከእውነተኛው ዝንብ ይበልጥ ዝንብ ይመስላል። አንድ ቀን ሠርቶ መደብ ላይ ቢያስቀምጠው ሸረሪት መጥታ ድር አደራችበት።

ያንን ዝንብ በረጅም ሸምበቆና ክር ወርውሮ ውሃው ላይ ሲያሳርፈው፣ ዓሣ ከሥር ብድግ ብሎ ይጎርሰዋል። ዓሣውም ትራውት የሚሉት ነው። ጎኑ ዝጉርጉር፣ ጠባዩ ቅንጡ። ውሃው ካልቀዘቀዘለት ትንፋሽ ያጥረዋል።

የዚያ አገር ንጉሥ ደግሞ አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ላይ ቁንጫ ያዙ። ሊገድሏት አሉና ምረው ተዉአት። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላቸው ዋለ። በማግስቱ አዋጅ አስነገሩ፦ «እስከ ዓርብ ማታ መቶ ፍጥረት ይዞ የማረ ሰው፣ የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባ ይለብሳል!»

ልጆች፣ ያን ሳምንት አገሩ አበደ። አንዱ አይጥ አሳድዶ ማረ። አንዱ ጉንዳን ለቅሞ ማረ። አንዱ የገዛ አህያውን እያሰረ ይፈታ ጀመር። ሃምሳኛው ላይ አህያው ተናደደና ረገጠው።

ደርበው ሳቀ። «ካባው የኔ ነው!» አለ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሚስቱ ትርንጎ ቀሰቀሰችው። «ተነስ፣ አንተ ሰውዬ! ውሃው አሁን ቀዝቃዛ ነው። ማልደህ ሂድና ሳይረፍድ ተመለስ። ቀትር ላይ ወንዙ ያተኩሳል፤ ትናንት እጄን ብነክረው እንደታመመ ልጅ ግንባር ፈጀኝ።»

«ጠዋት ማን ያየኛል?» አለ ደርበው። «የገበያ ሰው በድልድዩ የሚያልፈው ቀትር ላይ ነው።»

«ለካባው ነው ወይስ ለገበያተኛው?»

«ለሁለቱም!» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ቀትር ሆነ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወንዙ ቀጥኖ ድንጋይ ለድንጋይ ይጎተታል። ደርበው ዝንቡን ወረወረ።

የመጀመሪያዋ ዓሣ ጎረሰች። እየጎተተ አወጣትና በደረቅ እጁ፣ ቆዳዋን እየላጠ፣ ጨብጦ ወደ ድልድዩ አሳያት። ዓሣዋ «አያ ደርበው፣ ምች መትቶኛል፤ ዛሬስ ተወን» አለችው። «ምሬሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ገበያተኛው አጨበጨበ። ጧ አድርጎ ወረወራት።

ሁለተኛዋን ያዘ። «አያ ደርበው፣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ዛሬስ ተወን።» «ምሬሻለሁ!» ጧ!

ሦስተኛዋን ያዘ። «አያ ደር...» አለች፤ ስሙን እንኳን አልጨረሰችም። «ምሬሻለሁ!» ጧ!

እንዲህ እያለ ዘጠና ዘጠኝ ማረ። አንድ ቀረው። ሸምበቆውን ሊያነሣ ሲል፣ እሜቴ ዝጉርጉሪት ከጥልቁ ብቅ አለች። የወንዙ ትልቅ ዓሣ እሷ ናት። ስታስብ ቅርፊቷ ይንቀጫቀጫል።

«ደርበው፣ ስንት ማርክ?»

«ዘጠና ዘጠኝ!»

«ከታች ወርደህ አይተሃቸዋል?»

«ከለቀቅኳቸው በኋላ የራሳቸው ጉዳይ ነው» አላት።

እሜቴ ዝጉርጉሪት ቅርፊቷ ተንቀጫቀጨ። ወደ ጥልቁ ሰመጠች።

ጥቂት ቆይቶ ደርበው ዞር ቢል፣ ዳር ድንጋይ ላይ ካባ ተዘርግቷል። አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል። ድንጋይ ላይ ከሚበቅለው አረንጓዴ የወንዝ ሽበትና ከዓሣ ቅርፊት የተሠራ ነበር፤ እሱ ግን የት ያውቃል! ከእውነተኛው ካባ ይበልጥ ካባ ይመስላል።

«ንጉሡ ቸኩለው ላኩልኝ!» አለ። ለበሰው። አንገቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ያን ጊዜ ከካባው ጫፍ የተጠለፈው የቄጠማ ገመድ ተወጠረ፤ ሰባት ዓሦች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አሉና ሳቡት። ዘጭ!

«ያዝን!» አሉ ዓሦቹ። «ሆዱን እዩት! ጺሙን እዩት! እንዴት ያለ ነው!»

«ቆዩ፣» አለች እሜቴ ዝጉርጉሪት፣ «ሰው በእርጥብ እጅ አይያዝም። ክንፋችሁን አድርቁ!»

ዓሦቹ ክንፋቸውን ለማድረቅ ተጣደፉ። ግን ውሃ ውስጥ ናቸውና አልደርቅ አላቸው። እነሱ ሲሞክሩ፣ ደርበው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

«በሉ፣ ምረነዋል!» አሉና ወደ ዳር ወረወሩት።

ደርበው እያሳለ ተነሣ። ካባውን ሊያወልቅ አለ። አየው። ረጥቦ ይበልጥ ያምራል። «ለጊዜው ልልበሰው» አለ። ወዲያው ሳቡት፣ ዘጭ! አዩት፣ አደነቁት። «ምረነዋል!» ወረወሩት።

አሁን ሊያወልቀው ፈለገ። ቋጠሮው ግን ረጥቦ ጠብቆ አልፈታ አለው። ሦስተኛ ጊዜ ሳቡት፣ ዘጭ!

«በእናታችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ከፈለጋችሁ ብሉኝ፣ ብቻ ሌላ አትማሩኝ! ምሕረታችሁ ገደለኝ!»

ይህን ብሎ ውሃ ዋጠ። እጁ ዛለ። ሆዱ ወደ ሰማይ ዞረ። ውሃው ይዞት ይሄድ ጀመር።

እዚህ ላይ ዓሦቹ መሳቅ አቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ «ይሂድ፤ የራሱ ጉዳይ ነው» አለ።

«የለም» አለች እሜቴ ዝጉርጉሪት። «እንዲህ ብለን ከተውነው እኛም ደርበው ሆንን። ቋጠሮውን ፍቱለት። ወደ ዳር ግፉት። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሩና ደግፉት፤ ራሱ እስኪራገጥ ድረስ አትልቀቁት።»

ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞሩለት። ጠበቁ። ጠበቁ። ጠበቁ። በመጨረሻ ደርበው አንድ እግሩን ነቅነቅ አደረገ፣ ውሃ ተፋ፣ በእንብርክኩ ወጣ።

ልክ ያን ጊዜ ንጉሡ ወሬውን ከገበያተኛው ሰምተው፣ እውነተኛውን ካባ በአጋፋሪያቸው አስይዘው ደረሱ። ትርንጎም ከኋላ ከኋላ መጣች። ከድልድዩ በታች ዘጠና ዘጠኝ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

«የማርካቸው እነዚህ ናቸው?» አሉ ንጉሡ።

«አዎ፣ ጃንሆይ።»

«ለምን በጀርባቸው ይዋኛሉ?»

«በደስታ ነው፣ ጃንሆይ!» አለ አጋፋሪው። ካባውንም ሊያለብሰው ዘረጋው። «አንድ ብትጎድልም አንድ ናት፤ ንጉሥ ፊት አይወራባትም።»

ደርበው ካባውን አየ። ወርቁ ያበራል። ድልድዩ ላይ ገበያተኛው እጁን ለጭብጨባ አዘጋጅቷል። ዓሦቹንም አየ። ከጆሮው ውሃ እየፈሰሰ ወደ ኋላ ሸሸ።

«በደስታ አይደለም፣ ጃንሆይ። እኔም ቅድም እንደዚህ ስዋኝ ነበር። ገደልኳቸው። ካባ አይገባኝም።»

ገበያተኛው ያዘጋጀውን እጁን አወረደ። ንጉሡ ግራ ገባቸው፤ ካባ ይዘው መጥተው ካባ ይዘው መመለስ አያውቁም። «እንግዲህ ለማን ላልብሰው?»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ እጇን ወንዙ ውስጥ ነከረች። «ለዚህ፣ ጃንሆይ» አለች። «ያተኩሳል። ለታመመ ሰው ጥላ አይደል የሚያስፈልገው?»

በአራት ችካል ካባውን ከጥልቁ ውሃ በላይ ወጠሩት። ጥላ ሆነ። የተረፉት ዓሦች አንድ በአንድ እየመጡ ከሥሩ ተጠለሉ። እሜቴ ዝጉርጉሪት በወርቅ ጥልፍ ሥር ተቀመጠች፤ ትንሽ ኩራት ቢጤም ሞከራት ይባላል።

ደርበውስ? ንጉሡ የወንዝ ግንባር ዳሳሽ አድርገው ሾሙት። ቀለብ የለውም፣ ጭብጨባም የለውም። በየንጋቱ፣ ማንም ሳያየው፣ እጁን ወንዙ ውስጥ ይነክራል። ከቀዘቀዘ ጥቂት ያጠምዳል፤ እጁን አርጥቦ፣ ዓሣዋን ከውሃ ሳያወጣ መንጠቆውን ይነቅልላታል፤ ራሷ እስክትሄድም ይጠብቃታል። ካተኮሰ ግን ሸምበቆውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትርንጎም «ዛሬ ስንት ማርክ?» ትለዋለች። እሱም «ሁሉንም፤ አንድም አልያዝኩም» ይላታል።

ስለዚህ ልጆች፣ መልቀቅ ብቻውን ደግነት አይደለም። የለቀቃችሁት በሕይወት መሄዱን እዩ።

እነሆ፣ ተረቴን ወደ ውሃው መለስኩት። የሚይዘው ካለ መጀመሪያ እጁን ያርጥብ።