በመርከቧ ኋላ የተቀመጠው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ልብስ ስፌት ነው፤ ልቡ ግን መርከብ ላይ ነው። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ምነው ፊትህን አዞርክብኝ፣ ሙሉሰው? «ስለ እህቴ ብጠይቅዎ ስለ ልብስ ሰፊ ያወሩልኛል» ልትል ነው። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ገና አልደነቆርኩም። እናታችሁ የታመመች ጊዜ ተዋበች ደውላ «ልምጣ ወይ?» አለችህ፤ አንተም «ደህና ናት፣ አትምጪ» አልካት። እናታችሁ ዐረፈች፣ እህትህ ለቀብሩ ሳትደርስ ቀረች። ለቅሶው ላይ «አትምጪ ብለኸኝ የለም እንዴ?» ስትልህ በዘመድ ፊት አፈርክና «መቼ ወጣኝ፣ ሐዘን አደናግሮሽ ነው» አልካት። ይህን ሁሉ የነገርከኝ ራስህ ነህ። ከዚያ ወዲህ የእናታችሁን ሐውልት አሠራህ፣ ቤቷን አደስክላት፣ በየዓመት በዓሉ ሙክት ነዳህላት፣ ሽማግሌ ላክህባት። እሷ ግን ደጅህን አልረገጠችም። አሁን ደግሞ እኔን ልትልከኝ መጥተህ «ምን ልጨምርላት?» ትለኛለህ። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማኝ፤ አታቋርጠኝ።

ልብስ ሰፊው የሚኖረው በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የሚገጣጠም የፕላስቲክ መርከብ በካርቶን ያመጣለት ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት የመርከቡ አካላት፣ ምሰሶው፣ መሰላሉ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህለዋ መልሕቅ ሳትቀር፣ እንደ ወይን ዘለላ ከዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። እሱ እያንዳንዱን ቆርጦ፣ በሞረድ አለስልሶ፣ በሙጫ እያጣበቀ መርከብ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ይቀባዋል። ቀብቶም አይተወው። ክረምት ሲገባ አመድማ ያደርገዋል፤ መስከረም ሲጠባ ያንን ቀለም አልቅቆ ነጭ ይቀባዋል። «ዛሬ ደግሞ ሌላ አገር ይሂድ» ይላል ለራሱ።

ጠዋት ከሐይቁ ጉም ሲነሣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ጉሙ ይገባና በመደርደሪያው ላይ፣ በመርከቦቹ መካከል ይተኛል። ያኔ ግድግዳው ይጠፋል፤ የስፌት መኪናውም ይጠፋል፤ መርከቦቹ ብቻ ነጭ ነገር ላይ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ወዴት እንደሚሄዱ አያውቅም፣ ግን የሚሄዱ ይመስለዋል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠራው፣ እሱ መቀሱን እንደያዘ ከመርከቦቹ ጋር ሄዷል። ለሠርጉ ሱሪ የሰጠው ሰው ሱሪውን የሚያገኘው በመልሱ ማግሥት ነው። ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው እንደ ልቡ ነው።

በጎረቤቱ በወጣትነቱ ባሕረኛ የነበረ አንድ ሽማግሌ ይኖራል። ዓይኑ እየፈዘዘ፣ እየፈዘዘ ሄዶ ሊጨልም ጥቂት ቀርቶታል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ባሕረኛው ያወራል፣ ልብስ ሰፊው ይሰማል። ውኃው ጨለማ ውስጥ እንዴት ራሱን በራሱ እንደሚያበራ፣ ዓሣዎች ከመርከቡ ጎን እየዘለሉ እንዴት እንደሚሽቀዳደሙ፣ ነፋስ ያልነካው ባሕር ጎሕ ሲቀድ እንዴት ሰማይ እንደሚመስልና ሰው ላይ ይሁን ታች እንደማያውቅ ይነግረዋል። ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካ ይረሳዋል። ለሁለቱም ከዚያች ሰዓት የሚበልጥ ነገር አልነበራቸውም።

ባሕረኛውም አንዲት መርከብ ጀምሮ ነበር፤ ያገለገለባትን የምትመስል። ዓይኑ ሳይከዳው ሊጨርሳት ሲጣደፍ ጨለማው ቀደመው። ከጨለመበት በኋላ ግን በጣቱ ብቻ አንድ ነገር ጨመረባት። የተረፈ የፕላስቲክ ቁራጭ በሻማ አለሰለሰና፣ በጣቶቹ ጫፍ እየቆነጠረ፣ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ ሰው አበጀ። ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ወጣት ነው። በመርከቧ ኋላ፣ አጥሩ ሥር አጣበቀው። ያ ወጣት ራሱ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ውኃውን እያየ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። በዚህ ዕድሜው አሻንጉሊት መሥራቱ አሳፍሮት ለማንም ትንፍሽ አላለም። መርከቧን ብቻ ለልብስ ሰፊው ሰጠውና «የቀረውን ጨርስልኝ፣ ቀለሙንም ቀባልኝ፤ የማምነው ያንተን እጅ ነው» አለው።

ልብስ ሰፊው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ብርሃን ላይ አቁሞ እያገላበጠ ሲያያት ከኋላ በኩል አንዲት ጉብታ ተመለከተ። በሙጫ የሚሠራ ሁሉ ይህችን ጉብታ ያውቃታል፤ ሙጫ ይንጠባጠብና ደርቆ እንደ ኪንታሮት ይቀራል። እጁን የሚያከብር ሰው አይቶ አያልፋትም። «ውይ ጋሼ፣ ዓይኑ እኮ ነው» ብሎ ከልቡ አዘነለት። ሞረዱን አነሣና ወለሉ ልሙጥ እስኪሆን ድረስ ሞረዳት። አትፍረድበት። ለዓይን ጉብታ ነበረች፤ ሰው የምትሆነው ለዳሰሳት ብቻ ነው።

ሆዷን ቀይ፣ ጎኗን ነጭ፣ ጭስ መውጫዋን ቢጫ ቀብቶ ወሰደና በባሕረኛው ጭን ላይ አስቀመጣት። ባሕረኛው ጣቶቹን ከፊቷ ጀምሮ አስኬደ። መሰላሉን ወጣ፣ በክብ መስኮቶቹ በኩል አለፈ፣ ምሰሶውን ዞረና ኋላዋ ደረሰ። እዚያ ጣቱ ቆመ። ጥቂት ተመልሶ እንደገና መጣ፤ አሁንም ቆመ።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር አልነበረም?» አለ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ሥራ ሲፈታ በመርከቧ ኋላ እቀመጥ ነበር ይለው የነበረው ትዝ አለውና፣ ልብስ ሰፊው የሞረደው ሰው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው፤ ክው አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ሰው ሲያፍር አፉ ልቡን ይቀድመዋል።

«ኧረ ምንም አልነበረም፣ ጋሼ» አለው።

ባሕረኛው «እንግዲያስ ተሳስቼ ነው» አለ። ስለ ድካሙ አመሰገነው፤ መርከቧን በእጁ ብዙ ሳያቆይ ወደ ጎን አኖራት።

ልብስ ሰፊው እቤቱ ገባ። ሊክሰው ቆረጠ። በማግሥቱ «ቀለሟ አላማረኝም» ብሎ መርከቧን መልሶ ወሰዳት። እንደ ደንቡ ቢሆን አዲስ ከመቀባቱ በፊት አሮጌውን ቀለም ማልቀቅ ነበረበት፤ ሁልጊዜ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ካለቀቀው የሞረዱ ጭረት ይወጣል። ስለዚህ ጭረቱን በስቱኮ ደፈነና በአሮጌው ላይ አዲሱን ቀባ። ወሰደለት። ባሕረኛው ዳሰሰ፣ አመሰገነ፣ ጣቱ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ልብስ ሰፊው እንደገና ወሰዳት። ሹፌሩን ለምኖ ወርቅማ ቀለም አስመጣ፤ ስሟን በጎኗ ላይ በቀጭን ብሩሽ ጻፈ፤ በላዩ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ደረበበት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ወይ ጉድ፣ ይህስ እጅ ነው!» አለ። የባሕረኛው ጣት ግን አሁንም እዚያው ቆመ።

ቀለም ደግሞ ሥጋ አለው፣ ልጄ። አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረብ የመሰላሉ እርከን ይሞላል፣ መስኮቱ ይደፈናል፣ የአጥሩ ብረት ከወለሉ ጋር አንድ ይሆናል። መርከቧ ለዓይን እያማረች ለጣት እየጠፋች ሄደች። ልብስ ሰፊው ግን የሚያይ ሰው ነውና ይህን ልብ አላለውም።

አንድ ቀን የባሕረኛው ሚስት ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። ጨርሳ ልትወጣ ስትል እንባ ቀደማት። ባሏ የባሕር ወሬ እርግፍ አድርጎ ትቷል። በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይውላል።

«ትናንት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አለችው። «‹ለመሆኑ እኔ ባሕረኛ ነበርኩ? ወይስ ዓይኔ ሲጠፋ ያየሁት ሕልም ነው?› አለኝ። እኔ ያገባሁት ከባሕር ከተመለሰ በኋላ ነው። መርከብ ላይ አላየሁት፤ ምን ብዬ ልመስክርለት?»

ሴትዮዋ ሄደች። መርከቧ ለሌላ ዙር ቀለም እሱ ዘንድ ነበረች። ልብስ ሰፊው በሩን ዘጋና ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ዳሰሳት። ሳሙና የዳሰሰ ነው የመሰለው። መሰላል የለ፣ መስኮት የለ፣ አጥር የለ። ያ ሰው ይህንን ጨብጦ ነው ለካ ባሕሩን ሲፈልግ የከረመው። እንደዚያ አዝኖ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። ሰፊ ሳህን አመጣና አኳራጅ ሞላው፤ ቀለም የሚያለቅቁበትን። መርከቧን አስተኛበት። ወርቁ መጀመሪያ ተነሣ፤ እንደ ጀንበር ግባት ደመና ፈሳሹ ላይ ተዘረጋ። ነጩ ከሥሩ ወጣ፣ ቀዩም ተከተለው። ሁሉም በሳህኑ ውስጥ ቀስ እያሉ ዞሩ፣ ተቀላቀሉ፣ ጠፉ። ያን ሁሉ የደከመበትን እያየ ተቀመጠ፤ እጁን ግን አልሰበሰበም። በለስላሳ ብሩሽ እያበሰ መስኮቶቹን ከፈታቸው፣ የመሰላሉን እርከን አንድ በአንድ አወጣው። ስቱኮውንም በጥፍሩ ፈልፍሎ ጣለው። የሞረዱ ጭረት እንደ ጠባሳ ብቅ አለ። ጭረቱን ግን አልነካውም።

መርከቧን ራቁቷን ይዞ ሄደ። የባሕረኛውን ጣት ያዘና ጭረቱ ላይ አሳረፈው።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው ተቀምጦ ነበር» አለው። «ሙጫ መስሎኝ የሞረድኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ደግሞ አውቄ ዋሸሁ።»

ባሕረኛው ጣቱን ከዚያ ላይ አላነሣም። ከዚያ ተቆጣ፤ ክፉኛ ተቆጣ። አእምሮውን የሳተ መስሎት ሲጨነቅ፣ የገዛ ዕድሜው ሕልም ሆኖበት ሲቃዥ፣ ይህ ሰው እያወቀ ቀለም ሲቀባ እንደከረመ ነገረው። ከቤቴ ውጣልኝ አለው። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ግቢውን ሳይጨርስ ድምፅ ሰማ። ባሕረኛው ሚስቱን እየጠራ ነው። «ነይ እስቲ፣ እጅሽን ስጪኝ። እዚህ ነበር የምቀመጠው፤ ይኸው ቦታው። ነፋሱ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው» ይላታል። ከዚያ ያ የቀድሞ ወሬ ጀመረ፤ የሚያበራው ውኃ፣ የሚዘልሉት ዓሣዎች፣ ላይና ታቹ የማይታወቀው ጎሕ። ልብስ ሰፊው አጥሩን ተደግፎ እስኪመሽ አዳመጠ። እንባውን መጥረግ እንኳ ትዝ አላለውም።

ይቅር አለው ወይ ልትለኝ አፍህን ከፍተሃል። አዎ፣ ውሎ አድሮ ታርቀዋል፤ ክረምቱን ሙሉ አኩርፎት ከከረመ በኋላ። እኔ ግን ይህን ያመጣሁት ስለ ዕርቁ አይደለም።

አየህ፣ ሙሉሰው፣ ሐውልቱ ቀለም ነው። የታደሰው ቤት ቀለም ነው፤ ሙክቱም፣ ሽማግሌውም ቀለም ነው። እኔንም ልትቀባኝ ነበር የመጣኸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ አንተ ግን ስትደብቅ ሌላም ሰው አሳመምክ። እህትህ የጎደላት ዕቃ መስሎሃል። በጆሮዋ የሰማችውን አንተ «አልተባለም» ስላልካት፣ እናቴን የተውኩ እኔ ነኝ እንዴ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ነው የኖረችው። አንተም የምትሰጣት ነገር ሁሉ ያንን እየደፈነ፣ መጠየቂያውን ቀዳዳ ሳይቀር እያሳጣት ሄደ። ይህን ያህል ከሰጣት ሰው ጋር ስለ አንድ የስልክ ቃል እንዴት ትከራከር?

ምን ልጨምር አልከኝ። ምንም አትጨምር። ባዶ እጅህን ሂድና፣ ለቅሶው ላይ የነበሩትን ዘመዶች ሰብስበህ፣ በእነሱ ፊት «ልምጣ ወይ ብለሽኝ ነበር፤ አትምጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ አልተደናገርሽም» በላት። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አትናገር። ታባርርህ ይሆናል፤ ታባርርህ። በሩን ዘግታ ስታለቅስ ትሰማታለህ። እስከ ዛሬ እናቷን ያለቀሰቻት ሳትመጣ እንደቀረች ልጅ ሆና ነው። ያን ቀን ግን ልትመጣ ተነሥታ እንደነበረች ልጅ ሆና ታለቅሳታለች።