ጓንጉል ደጅ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ

ተረት ተረት።

«የላም በረት!»

እንዲህ ጮክ በሉ እንጂ። ቅድም እኮ እራት የከለከልኳችሁ ነበር የምትመስሉት። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ጓንጉል የሚባል በንብ የሚተዳደር ሰው ነበረ። ስምንት ቀፎ ነበረው። ታናሽ ወንድሙ ተመቸ ደግሞ እዚያው መንደር ታችኛው ጫፍ ያርስ ነበር። አንድ ቀን ተመቸ ማሳው ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ ሊያቃጥል ተነሳ። ንፋስ አለ፣ ዛሬ ይቅርብህ ቢሉት አልሰማ አለ። እሳቱም ንፋስ ተሸክሞት ሄደና የጓንጉልን ስድስት ቀፎ እንዳለ በላው። ንቡ አለቀ፣ ማሩ ቀለጠ። ሁለት ቀፎ ብቻ ተረፈው። ጓንጉልም አለቀሰ። ያለቅስ እንጂ፣ የስንት ዓመት ልፋቱ ነው።

በዚያ አገር የበደለ ሰው በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዜር፣ አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። ተመቸም በማግስቱ ሽማግሌ አስከትሎና ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ።

ተመቸም፦ «አያ ጓንጉል፣ አጥፍቻለሁ። ስለ እግዜር ብለህ ይቅር በለኝ» አለ።

ጓንጉል ጀርባውን ሰጠው። ገባና በሩን ዘጋ። ተመቸ እስኪመሽ ድረስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አዘኑለትና ድንጋዩን እዚያው ደጁ ላይ አስቀምጠው ይዘውት ሄዱ። የጓንጉል ሚስት እናኑ፣ ይህን ድንጋይ እንጣለው ብትለው፣ የለም፣ አገር አይቶ ይፍረድ፣ ማንም እንዳይነካው አላት።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ጓንጉል ጠዋት ሲወጣ ድንጋዩን ያያል፤ ደሙ ይፈላል። ማታ ሲገባ ድንጋዩን ያያል፤ ደሙ ይፈላል። እህል አልበላ አለው። እንቅልፍም ራቀው። በዚያው ንዴቱ ተነስቶ ወደ ቀፎው ይሄዳል። ንብ ደግሞ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያመናጭቅ ሰው ሲመጣባት መች ዝም ትላለች? ትነድፈዋለች። ፊቱ አብጦ አብጦ ሌላ ሰው መሰለ። ዓመት ሲሞላ የአንዱ ቀፎ ንብ ግልብጥ ብሎ ወጣና ሄደ።

ተመቸስ? ተመቸማ ያርሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ማዘኑን ያዝናል፣ ግን ይተኛል። ምን ያድርግ ታዲያ፣ ለምኗል።

እናኑም መረራትና፦ «አንድ ቀፎ ነው የቀረን። የእሱም ንብ ከሄደ እኔም ተከትዬው እሄዳለሁ» አለችው።

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ጭራሽ ነደደው። ይህም በተመቸ የመጣ ነው አለ። ይህን ድንጋይ መልሼ ደጁ ላይ ካልወረወርኩለት ሰው አይደለሁም ብሎ ብድግ አደረገው። ድንጋዩ ከባድ ነበርና በጫንቃው ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። አያችሁልኝ ሞኙን? በጫንቃው! በዚያ አገር ድንጋይ በጫንቃው የተሸከመ ሰው ምን እንደሚባል ንዴቱ አስረስቶታል።

ገበሬዎቹ ሲያዩት፣ ምን አጥፍቶ ይሆን ተባባሉና ሞፈራቸውን ጥለው ተከተሉት። ውሃ የቀዱት ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ተከተሉት። ሽማግሌዎቹም ከዋርካው ሥር ተነሱ። ጓንጉል፣ ተመለሱ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም ሊላቸው ይሞክራል። ድንጋዩ አንገቱን ተጭኖት ትንፋሽ ያጥረዋል። እነሱም፣ አንተ ዝም በል፣ እኛ እንለምንልሃለን ይሉታል። ተመቸ ደጅ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ተንበረከከ።

ሽማግሌዎቹም፦ «ተመቸ፣ ስለ እግዜር ብለህ ወንድምህን ይቅር በለው» አሉ።

ተመቸ ወጣና ታላቁን አየው። ከስቷል፣ ፊቱ አብጧል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ከዚያም ሮጦ ሄደና ድንጋዩን ከሥር ደገፈለት።

ተመቸም፦ «የበደልኩት እኔ ነኝ። አንተ ለምን ትሸከማለህ?» አለው።

ሊወረውር የመጣው ጓንጉል መወርወሩን ተወው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍሯል፣ ደክሞታል፣ ወንድሙም ናፍቆታል።

ጓንጉልም፦ «ይቅር ለእግዜር» አለው። «በቃ፣ አውርድልኝ። ደከመኝ።»

ድንጋዩን ሁለቱ ይዘው አወረዱት። ጓንጉል አንገቱን እያሻሸ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቤቱ ሲመለስ እጁ ረግቶ ነበርና ያቺን የቀረችውን ቀፎ ቢጠጋት አንዲት ንብ እንኳ አልነካችውም።

በማግስቱ ግን ረፈደ፣ ከብቱ ተሰማራ፣ ጓንጉል አልተነሳም። እናኑ ዓመት ሙሉ የምታውቀው ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ባል ነው። ጠጋ ብላ ብታየው አይንቀሳቀስም። ሞተብኝ ብላ ደረቷን እየመታች ወጣች። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ገባ። ይህን ጊዜ ጓንጉል ብንን አለ።

ጓንጉልም፦ «ምነው፣ ማን ሞተ? ተኝቼ እኮ ነው» አለ።

እኔም ተረቴን ሰጠኋችሁ፣ አፌም ደረቀ። በሉ የሰማ ሁሉ ከዳቦው ቆርሶ ያጉርሰኝ። እርስ በርስ የተኳረፈ ካለ ግን መጀመሪያ ይታረቅና ነው የሚያጎርሰኝ።