በየሴኮንዱ የሚጠይቀው ጠባቂ

አንድ ሥጋተኛ ኃላፊ ነበር፤ ቀጸላ ይባላል። የከተማው ሆስፒታሎች የደም ክምችት መዝገብ ያለባቸው አምስት ኮምፒውተሮች በእሱ እጅ ነበሩ። አምስቱ ተጋግዘው እንደ አንድ ይሠራሉ፤ ሐኪም ሲጠይቅ የትኛው ደም በየትኛው ማቀዝቀዣ እንዳለ ወዲያው ይነግራሉ።

ቀጸላ ከአምስቱ አንዱ እንዳይታመምበት ስለሚፈራ ጠባቂ ፕሮግራም ጫነባቸው። ጠባቂው በየሴኮንዱ እያንዳንዱን ኮምፒውተር አራት መቶ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ደህና ነህ? ምን ያህል ሠራህ? ምን ያህል ቀረህ? ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን የቀጸላ ልብ ያርፋል። ካልሆነ ምሳ እንኳ አይወርድለትም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ኮምፒውተሮቹ ዘገሙ። ቀጸላ ደነገጠና ጥያቄውን ስምንት መቶ አደረሰው። ይባሱን ዘገሙ። ጠባቂውን የሚጠብቅ ሁለተኛ ጠባቂ ጨመረ። ስክሪኑ ቀላ። ይህን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሐኪም ነው።

«ወላድ እየደማችብኝ ነው! ለእሷ የሚሆን ደም የት እንዳለ ብፈልግ፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ መልስ የለም!»

ቀጸላ ሮጦ የኮምፒውተር ባለሙያዋን ስንዱን ጠራት። እሷም የትኛው ፕሮግራም የኮምፒውተሮቹን ጉልበት እንደያዘው ተመለከተች።

«አገኘሽው? ማነው የሚበላቸው?»

«ዘበኛው ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ዘበኛ?»

«የእርስዎ ዘበኛ። ከጉልበታቸው ሰባ በመቶውን እሱ ወስዶታል። ‹ደህና ነን› እያሉ ሲመልሱ መሥሪያ ጊዜ አጡ።»

«እና ላጥፋው? ዓይኔን ጨፍኜ ልቀመጥ?»

«አያጥፉት። በደቂቃ አንዴ ይጠይቅ፤ ጥያቄውም አሥር ይብቃው። ሁለተኛውን ግን ያሰናብቱት። ለመሆኑ ከስምንት መቶው መልስ ስንቱን አንብበዋል?»

ቀጸላ ቀለሙን አይቶ እንጂ አንዱንም አንብቦ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሽተኛን እየቀሰቀሱ ‹እንቅልፍ ወሰደህ ወይ?› እንደ ማለት ነው።»

ቀጸላ እንዳለችው አደረገ። ስክሪኑ ጸጥ አለ።

«አሁን አንዱ ቢሞትስ?» አለ፣ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ።

«ቢሞት በደቂቃ ውስጥ እናውቃለን።»

ያቺ ደቂቃ ከዕድሜው ሁሉ ረዘመችበት። አምስቱ ምን ላይ እንዳሉ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሊነሳ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ተገኘ!» አለ ሐኪሙ። «ደሙ መኪና ላይ ተጭኗል።» ስልኩም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሮቹ አይታመሙም ማለት አይደለም። እንደማንኛውም ሠራተኛ አልፎ አልፎ ይታመማሉ። ቀጸላም ቢሆን መፍራቱን አልተወም፤ በደቂቃ አንዴ መፍራትን ግን ለመደ።

መጠበቅ መልካም ነው፤ የሚጠበቀውን ከሥራው እስካላስተጓጎለ ድረስ። የፍርሃታችንን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የምንፈራለት ራሱ ነው። እርስዎስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው «የት ደረስክ?» ብለው ስንት ጊዜ ደወሉ? ሥራውን የሚሠራው መቼ ይመስልዎታል?