ከወረፋው የወጣው መጅ

ወገኖቼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አድምጡኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱን ቀብሯል፣ ልጅ አልወለደም፣ ጡረታ ወጥቷል። ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሬዲዮ ብቻ ነው። ይህ ሰው በአንድ የሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ወረፋ ያስከብር ነበር። ዘይትና ስኳር የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ሲደርስ ሰውየው ይነቃቃል፤ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሰው ያገኛላ! ስሙን የሚያውቅ ግን አልነበረም። «ተራ አስከባሪው» ነው የሚሉት።

የወረፋውን ነገር ታውቁታላችሁ። አትሳቁ፣ ሁላችሁም ተሰልፋችኋል! ማልዶ የመጣ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ጀሪካን፣ ሌላው የተበጠሰ ጫማ። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሱቁ ሊከፈት ሲል መጥቶ ዕቃው አጠገብ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ባለቤቱ ከሌለ ዕቃው ከመስመር ይወጣል። ሰውየው ፊሽካውን ይነፋና «ድንጋይ ዘይት አይበላም!» ይላል። ሰው ይስቃል። ለእሱ ሰው የሚስቅለት በሳምንት ይህችው አንድ ቀን ናት።

ከሰልፈኞቹ መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። ምልክታቸው ከመሃሉ የተሰበረ መጅ ነው፤ ያ እህል የሚፈጭበት የእጅ ድንጋይ። ሸምተው ሲጨርሱ በፌስታል ከተው ይዘውት ይሄዳሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላረፈዱም። «ባለ መጇ» ይሏቸዋል። ተራ አስከባሪውን ሁልጊዜ «እንዴት አደርክ ልጄ?» ይሉታል። እንደዚያ ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረውም። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ መስመር ይያዙ» ይላቸዋል። በአራት ዓመት ከዚህ ያለፈ ወሬ አላወሩም።

አንድ ማክሰኞ መጁ ሦስተኛ ተራ ላይ ተቀምጧል። በሩ ተከፈተ። እማማ የሉም።

ሰውየው ወደ ሰልፉ ዞረ። «ቤታቸውን የሚያውቅ አለ?» አለ።

«ወዲያ ማዶ ይመስሉኛል» አለች አንዷ።

«ማን ይባላሉ?»

ሴትየዋ ወደ ኋላዋ ዞራ ሌሎቹን አየች።

«ጋሼ፣ ይፍጠኑ እንጂ! ዘይቱ ሊያልቅብን ነው!» አለ ከኋላ የቆመ ጎልማሳ።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ለአንዱ ቢያደላ ለሌላው ምን ብሎ ይመልሳል? ጎንበስ አለና መጁን አንስቶ ከግድግዳው ሥር አኖረው። የተለመደውን ቀልዱን አልተናገረም። ሰልፉም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።

በሳምንቱ መጁ እዚያው ግድግዳው ሥር ነበር። ሰውየው ይህን ሲያይ ፊሽካውን ለሱቁ ዘበኛ ሰጠና መጁን ይዞ ወጣ። በየበሩ እያንኳኳ «የዚህን መጅ ባለቤት ታውቃላችሁ?» ይላል። ሰው እንደ እብድ ያየዋል። ስም አልያዘ፣ የቤት ቁጥር አልያዘ፣ ሌላ ምን ብሎ ይጠይቅ? ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት በር ከፍታ መጁን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የእማማ የውብዳር ነው እኮ! ሐሙስ ቀበርናቸው።»

«ምን አገኛቸው?»

«ማክሰኞ ማለዳ ተራ ይዘው ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እኛ ወረፋ ላይ ናቸው ብለን ዝም አልን። አሥር ሰዓት ላይ ስናገኛቸው ትንፋሻቸው ነበረ፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፉ።»

አያችሁ? ሰልፉ ቤታቸው ናቸው ብሎ አለፋቸው፤ ጎረቤቱ ሰልፍ ላይ ናቸው ብሎ ተዋቸው። በመሃል አንዲት ሴት ወለል ላይ ተኝተው የሰው ኮቴ ይጠብቁ ነበር።

ሰውየው መጁን ታቅፎ ቤቱ ገባና አለቀሰ። ለእሳቸው አለቀሰ፤ ቆይቶ ደግሞ ለራሱ አለቀሰ። «እኔስ ብወድቅ ማን ይመጣል? ማንን ብሎስ ይጠይቃል?»

በቀጣዩ ማክሰኞ መጁን ከሰልፉ ራስ ላይ አስቀመጠ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ድንጋይ የሚያስቀምጥ ሁሉ ከፊቱና ከኋላው ላለው ሰው ስሙንና ቤቱን ይንገር። ባለቤቱ ያልመጣ ድንጋይ፣ አንድ ሰው ቤቱ ደርሶ ሳይመለስ አይነሳም። እኔ እንዳላማው እባላለሁ። ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው።»

እናንተስ፣ ወገኖቼ? በየሳምንቱ ትመጣላችሁ፣ በለመዳችሁት ቦታ ትቆማላችሁ። ያ በግራ በኩል ያለው ዓምድ ይታያችኋል? ሰማያዊ ሹራብ የሚለብሱ አንድ አባት እሱን ተደግፈው ያስቀድሱ ነበር። አስታወሳችኋቸው፤ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ከቀሩ ዛሬ ሦስተኛ እሑዳቸው ነው። ስማቸውን የሚያውቅ አለ? ቤታቸውንስ?

እኔም አላውቅም። ሰባት ዓመት ቆመው ሰምተውኛል፤ አንድ ቀን «ማን ልበልዎት?» አላልኳቸውም። አፍራለሁ። ቦታቸው ባዶ ሲሆን ምን አደረግን? ጠጋ ጠጋ ብለን ሞላነው።

ዛሬ ስንወጣ ወደ ምሳችሁ አትቸኩሉ። በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ባለ ሰማያዊ ሹራቡን እያልን በየቤቱ እንጠይቃለን። እስከዚያው ዞር በሉና አጠገባችሁ የቆመውን ሰው ስሙን ጠይቁት።

እግዚአብሔር ሳንዘገይ ያድርሰን።