ከጉም የመጣ እሺታ

አንድ ጠያቂ ደጄ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» አለ። ጉም ወርዶ ነበር፤ ከአጥሬ ጥግ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም። እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ዝም አልኩ።

በእኛ አገር ጉም ሲወርድ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም። ሰፈራችን፣ ታች ሰፈር፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ጉሙም የሚወጣው ከገደሉ ውስጥ ነው። ጠሪው ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል። ሰው ካልሆነ አይደግምም። አባቶቻችን እንዲህ ብለውናል፣ እኛም ለልጆቻችን እንዲሁ ብለናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅሁ።

ጠያቂው አልደገመም። ይልቅስ እዚያው ቆሞ ሲናገር ሰማሁት። «ከማዘጋጃ ቤት ነው የመጣሁት። ታች ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሜዳው ይዛወራል። በዚህ ፕላን ይስማማሉ?» አለ። ትንሽ ቆይቶም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አፌን አልከፈትኩም። ታዲያ ማንን ነው ያመሰገነው?

ጉሙ ሲገልጥ ወደ ጎረቤቴ ወደ የሻረግ ሄድኩ። ደጇ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ወደ አንተም መጥቶ ነበር?» አለችኝ። «እኔ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ግን አመስግኖኝ ሄደ።» ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣላትም።

ጥቂት ቆይቶ የከተማችን ሹም ገበያው ዳስ ውስጥ ሰበሰበን። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ከተማዋ እንድታድግ ይፈልጋል። ገደሉ አፋፍ ላይ እንግዳ ሁሉ መጥቶ የሚያየው ሰፊ አደባባይ ለማሠራት አስቧል። ለእኛ የታሰበልን ሜዳ ደግሞ ውኃ የለውም። ምንጩ ያለው ከሰፈራችን ሥር ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከዚያ ሜዳ ውኃ ፍለጋ ልመላለስ አልችልም። ሌላው ቢቀር ይኼን ብጠየቅ እናገር ነበር።

ሹሙ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እህ እህ» አለና «የነዋሪውን አስተያየት ሰብስበናል። ከታች ሰፈር ያልተስማማ አንድም ቤት የለም» አለ።

የሻረግ ተነሣች። «ጌታው፣ የእኔን ቤት ማን ነው እሺ ያለልኝ? ባሌ እንዳይሆን ከሞተ ቆየ፤ በሕይወት ሳለም እሺ ብሎ አያውቅ።»

ሰው ሳቀ። ሹሙም ሳቀ። ጠያቂው ግን አልሳቀም። ከሌላ አገር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ የእኛን ልማድ አያውቅም።

«እኔ አልዋሸሁም» አለ። «በየደጁ ጠራሁ፤ በየደጁ እሺ ተባልኩ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«የአቶ ጓንጉልም ቤት?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አቶ ጓንጉል ከሞተ ወዲህ ቤቱ እንደተዘጋ ነው።

«መግቢያው ላይ ግራር ያለው? እሱም እሺ አለ።»

ሳቁ ቆመ። የሻረግ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«የምን ድምፅ ነበር?» አልኩት እኔ። «የወንድ ነው የሴት?»

ጠያቂው ሹሙን ቀና ብሎ አየው፤ ቶሎ ደግሞ መሬት መሬት አየ። «የወንድ ነው። የሁሉም ቤት... አንድ ዓይነት ነበር።»

ሹሙ ጠረጴዛውን መታ። «በአንድ ድምፅ ማለት ታዲያ ይኼ አይደል!» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ተቆጣ። «እንግዲያው ነገ ራሴ እመጣለሁ። ራሴ ጠርቼ ራሴ እሰማለሁ። ከተስማማችሁ ማፍረሱ ይጀመራል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።»

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ ከወትሮው ይልቅ ወፍሮ ወረደ። ሁላችንም በየደጃችን ቆምን። ሹሙና ጠያቂው ሲመጡ እንደ ጥላ አየኋቸው፤ ከእኔ ደጅ ብዙም አይርቁም። እነሱ እኛን አላዩንም።

«እህ እህ። የታች ሰፈር ሰዎች! በፕላኑ ተስማምታችኋል ወይ?» ሲል ሹሙ ጮኸ።

ማንም አልመለሰም። ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቅን ነው።

ከዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። «እህ እህ» አለ ድምፁ። «ተስማምተናል። ይምጡ፣ ይቅረቡን።»

ድምፁ የመጣው ቤት ከሌለበት፣ ከገደሉ በኩል ነው። ድምፁም የሹሙ ነው፤ ጉሮሮ አጠራረጉ ሳይቀር የሱ ነው። ሁላችንም አወቅነው። ጠያቂውም አወቀው፤ በየደጁ የሰማው ይኸው ነበርና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ያላወቀው የድምፁ ባለቤት ብቻ ነው።

«ሰማህ?» አለው ሹሙ ጠያቂውን፣ ደስ ብሎት። «ይኼን የመሰለ ቅን ሕዝብ ነው አልተስማማም የሚሉኝ!» እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ወደ ድምፁ መራመድ ጀመረ።

ድምፁ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።

ጠያቂው ባለበት ቀረ፤ ተመለስ አላለውም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብል ቤቴ ይተርፋል። ሰው አልገፋሁ፣ ሰው አልመታሁ፤ የአባቶቼን ልማድ ነው የጠበቅሁት። የሚፈርድብኝ የለም። ሹሙ ይራመዳል። ጫማው ሥር ሣሩ አለቀ። ድንጋይ ሲረግጥ ሰማሁ።

«አቤት!» አልኩ። «ልጄ፣ እዚህ ነኝ! እኔ አልተስማማሁም!»

ቆመ። ተቆጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ማነው እሱ?» ሲዞር ከእግሩ ሥር አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። የሚያርፍበትን ልንሰማ ጆሯችንን አቆምን። ምንም አልሰማንም።

«እኔም አልተስማማሁም!» አለች የሻረግ ከደጇ። ከወዲያም ከወዲህም ሰው ተነሣ። አንዷ «ልጄን የት ላስተምር?» አለች። አንዱ ደግሞ «እኔ ሜዳው ላይ ውኃ ከወጣ እስማማለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱ ከውስጥ ሆና «አንተ ብቻህን ሂዳ!» አለችው። አንዱ ድምፅ ከሌላው አይመሳሰልም። ሹሙ ያን ጫጫታ ይዞ፣ እየዳበሰ፣ ወደ እኛ ተመለሰ። ከገደሉ በኩል ዳግም የተናገረ የለም።

ደጄ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት። ባንድ ትንፋሽ ጠጣው፤ ከጉሙ የሰማው የገዛ ድምፁ እንደነበርም ነገርኩት።

ቤታችን ይፍረስ ወይ ይቅር ገና አልተወሰነም። ጠያቂው እንደገና ሊዞር ነው፤ ሰው ወጥቶ ፊቱን እስኪያሳየው ድረስ ይጠራል። እኛም ጉም ቢሆን አቤት ልንል ተስማምተናል። ይኼኛው መስማማት የእኛው ነው።

ሊሰማ የሚፈልገውን ብቻ ለመስማት የሚጠይቅ ሰው፣ የገዛ ድምፁ ይመልስለታል፤ እሱም የሕዝብ ቃል ይመስለዋል። ከባዶ ቤት ከሚወጣ እሺታ ከሕያው ሰው የሚወጣ እምቢታ ይሻላል። እምቢታ ቢያስቆጣም ዞር ያደርጋል። ትምህርቱ ግን ለጠያቂ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሹሙ ሊሄድ ሲነሣ ትከሻዬን ይዞ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ የገዛ ድምፄን አለማወቄ የእኔ ጥፋት ነው። እናንተ ግን አውቃችሁት ነበር። ታዲያ ገደሉ አፍ እስክደርስ ለምን ዝም አላችሁኝ?»