ከሙታን ማን ይሰለፍ?

ይህን ያወጉን ሰዎች በዓይናቸው አላዩትም፤ እነሱም የሰሙት ከአባቶቻቸው ነው። እያንዳንዱ ሲያወራው ከራሱ ጣል ሳያደርግበት አልቀረም፤ እኛም የደረሰንን ይዘን እናወራለን።

አያ ጓንጉል የሚኖረው ላይ ቤት በሚባለው መንደር ነበር። በጎልማሳነቱ የታወቀ የገና ተጫዋች ነበር ይባላል። አንድ ዓመት ግን ከወይራ ጉጥ የተጠረበ ሩር፣ የጨዋታው ኳስ፣ ጉልበቱን አገኘውና ከዚያ ወዲህ እያነከሰ ቀረ። እግሩ ሲደክም ምላሱ በረታ። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ ሰዉ አፉን በነጠላው ይሸፍን ነበር፤ ሳያስቀው እንደማይወጣ ያውቃላ።

ላይ ቤትና ታች ቤት በየዓመቱ በገና ዕለት፣ በመንደሮቹ መካከል ባለው ሜዳ ይገጥማሉ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ሩሩን እየመቱ ከባላጋራቸው ድንበር ቀድመው ያሳለፉት ያሸንፋሉ። አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም እየሰደበ እስከ ደጁ ይሸኘዋል፤ ስድቡም እስከሚመጣው ገና ድረስ በገበያውም በወንዙም ይዘፈናል። ላይ ቤት ደግሞ ተሸንፎ ተሸንፎ፣ ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ በወረዱ ቁጥር ስድብ ጠግበው ነበር የሚመለሱት። በዚህ ላይ የመንደሩ አውራ ተጫዋች ፈንቴ ከታች ቤት ሚስት አገባና አማቶቹ ዘንድ ገባ። ልማዱ ሰው ለሚኖርበት ይሰለፍ ነውና፣ ያ ሁሉ ጉልበት ለታች ቤት ሆነ።

በዓሉ ሲቃረብ የላይ ቤት ወንዶች ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር ተቀምጠው በፈንቴ ቦታ ማን ይግባ ብለው መከሩ። ከሕያዋን የሚሆን ሲጠፋ ወሬው ወደ ሙታን ዞረ። ከድሮዎቹ አንድ ብቻ ብንጨምር ማን ይሻለናል ተባለ። ገሚሱ ባሻ ተድላን አለ፤ ባሻ የመቱት ሩር ወንዝ ተሻግሮ የሴት ማድጋ ሰብሯል። ገሚሱ ግራዝማች ቸኮልን አለ፤ እሳቸው ሩሩን በዱላ ጫፍ እየነዱ ሲሮጡ ፈረሰኛ አይደርስባቸውም ነበር። የተጫዋቾቹ አለቃ ይርዳው የባሻ የልጅ ልጅ ስለነበረ የአያቱን ስም ዝቅ ያደረጉበትን በክፉ ዓይን ያይ ጀመር። የግራዝማች ዘመዶችም አያታችን ከተናቀ ከእናንተ ጋር አንሰለፍም አሉ።

አያ ጓንጉል ዳር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ስንት ስም ሲነሣ የእሱን ያነሣ አንድ ሰው የለም። ትንሽ ቆንጠጥ አደረገው፤ ግን ፊቱ ላይ አላሳየውም። በመጨረሻ ነገሩ ሲከር ወደ እሱ ዞሩና፣ አንተ ሁለቱንም አይተሃል፣ ለዘንድሮው ማንን ትጨምራለህ አሉት።

«ከሁለቱ ከመቃብር ቀድሞ የተነሣውን» አለ።

ይህም አላበረዳቸውም፤ ጠቡ የአጥቢያው ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ዳኛው ደግሞ እጅ መንሻ ሳያዩ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። ይርዳው የሰባ በግ ነድቶ ሄደ፤ የግራዝማች ዘመዶችም ይህን ሰምተው ሌላ በግ ይዘው ደረሱ። ጾም ስለነበረ ሁለቱም በጎች ለፍስክ ከዳኛው አጥር ሥር ታሰሩ። ዳኛው አገሩን ሁሉ ሰብስበው፣ ምስክር ሰምተው፣ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ አመዛዝነን አይተናል፣ ሁለቱ አንዱ ካንዱ አይበልጥም ብለው ፈረዱ። ሰዉ ሲያጉረመርም አያ ጓንጉል ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ልክ ነው ጌታዬ፤ እኔም ስገባ አጥሩ ሥር አይቻቸዋለሁ፣ እኩል ሰብተዋል» አለ።

ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ሳቁ። በጎቻቸውን ትተው አንድ ላይ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ቡድኑም ከመፍረስ ዳነ።

አሁን የቸገረው ዱላ ነበር። ጥሩ ወይራ ያለው በካሳዬ ደን ብቻ ነው። አቶ ካሳዬ በሀብቱም በስስቱም የታወቀ ሰው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣበት በልቶ እጁን የታጠበ የሚመስል። አያ ጓንጉልና ይርዳው ሄደው ለመኑት። እሱም ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ ለዛሬ ልጆች ዛፌን አላስቆርጥም፣ ባሻ ተድላ ራሳቸው መጥተው ቢለምኑኝ ግን በሰጠሁ ነበር አለ።

«ባሻማ የሞቱት እርስዎን ሲለምኑ ነው» አለው አያ ጓንጉል።

ካሳዬ ይህ ቃል በገና ዕለት በግጥም ሲዘፈን ታየው። ወዲያው ደጁን ከፈተ። ግን ስስቱ አልለቀቀውምና፣ ለቤት የሚሆነውን ቀጥ ያለ ግንድ እንዳትነኩ፣ የጎበጠውንና የቆለመመውን ብቻ ቁረጡ ብሎ አጥብቆ አዘዛቸው። የገና ዱላ ደግሞ ካልቆለመመ አይሆንም። ይርዳው ሳቁን ለመደበቅ ዛፍ ጀርባ ገባ፤ አያ ጓንጉል ግን እጅግ ያዘነ መስሎ፣ እንደ ፈቃድዎ ይሁን ብሎ መጥረቢያውን አነሣ።

የሁለቱ መንደሮች ጌታ ፊታውራሪ ደርበው ነበሩ፤ ጨዋታውንም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። የዋርካውን ክርክር ሰምተው ስለነበር በበዓሉ ዋዜማ አያ ጓንጉልን አስጠሩት። በአሽከሮቻቸው ፊት፣ በወጣትነቴ ሩር ከያዝሁ ማንም ቀምቶኝ አያውቅም፣ ታዲያ ከታላላቆቹ መካከል ስሜ ያልተነሣው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁት።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ማንም አልቀማዎትም፤ ሁላችንም የምናርሰው የእርስዎን መሬት ነበራ» አለ።

አሽከሮቹ መሬት መሬት አዩ። ፊታውራሪ በገና ሰሞን የቀለደባቸውን ሰው ቢቀጡ እንደሚያሳፍራቸው ያውቃሉ። ፈገግ አሉና ሌላ ቅጣት አገኙለት፤ የፈንቴን ቦታ ራስህ ትገባበታለህ ብለው አዘዙ።

አያ ጓንጉል ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ቤቱ ሄደ። ፈርቶ ነበር፤ ያ የተሰበረበት ቀን ሕመሙ ሳይቀር ትዝ አለው። ከፍርሃቱ ሥር ግን ለማንም ያልነገረው ደስታ ነበረ። የድሮ ዱላውን ከጣራው ሥር አውርዶ ቅቤ ቀባው።

በማግስቱ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። አቧራው ጨሰ፣ ዱላው ተንቋቋ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ማንም አላገባም። አያ ጓንጉል ከላይ ቤት ድንበር አጠገብ እንደ ምሰሶ ቆሞ ዋለ፤ የታች ቤት ሴቶች ያንኑ ምሰሶ እያሉ ገጠሙበት። ይርዳው እንዳይመታ እየፈራለት በቅርብ በቅርብ ይዞረው ነበር። በኋላ ፈንቴ ሩሩን እየነዳ ሁሉንም አልፎ መጣ፤ ከፊቱ የቀረው አንካሳው ብቻ ነው። ፈንቴ የጥንት ጎረቤቱን ጉልበት እንዳይሰብር ብሎ ትንሽ ረገብ አለ። በዚህ ጊዜ አያ ጓንጉል ነጠላውን አስተካክሎ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰላምታ ድምፅ፦

«ፈንቴ፣ አማትህ እንደምን ሰነበቱ?» አለው።

ፈንቴ አዲስ አማች ነው፤ አማቱ ደግሞ ከሜዳው ዳር ቆመው ያዩታል። መልስ ሳይሰጥ እንዴት ይለፍ። ጎንበስ ብሎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናቸው አለ። ወገቡን እስኪያቀና ሩሩ ከአያ ጓንጉል ዱላ ተነሥቶ ይርዳው እግር ሥር ደርሶ ነበር። ይርዳውም ነድቶ ነድቶ ከታች ቤት ድንበር አሳለፈው።

ታች ቤቶች ይህ ማጭበርበር እንጂ ጨዋታ አይደለም ብለው ለፊታውራሪ ጮኹ። ፊታውራሪም አያ ጓንጉልን ጠርተው፣ ሰው ሰላም እያለህ ሩሩን ቀማኸው ወይ አሉት።

«አልቀማሁትም ጌታዬ፤ እጅ ነሥቶ እስኪጨርስ ያዝሁለት እንጂ። ለይርዳው የሰጠሁትም አደራው ስለከበደኝ ነው» አለ።

ፊታውራሪ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ የፈንቴ አማት ከሕዝቡ መካከል ወጡ። አማቼ እኔን ንቆ ለሩር ቢሮጥ ኖሮ ዛሬ ቤቴ አይገባም ነበር አሉ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል፤ ለላይ ቤት ተፈረደ። በዚያ ምሽት ታች ቤቶችን እየዘፈኑ የሸኟቸው የላይ ቤት ሴቶች ድምፃቸው እስኪዘጋ ገጠሙ። ፈንቴም እያፈረ አብሯቸው ሳቀ።

ኋላ በፊታውራሪ አዳራሽ ጠላው ሲቀዳ የዋርካው ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ። ይርዳው ዋንጫውን ይዞ ቆመና፣ ከእንግዲህ የታላላቆቹ ስም ሲጠራ ባሻ ተድላ፣ ግራዝማች ቸኮል፣ ከዚያ አያ ጓንጉል ተብሎ ይጠራ አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አያ ጓንጉል ዓይኑ እንባ አቅርሮ አንገቱን ደፋ። ፊታውራሪም፣ ምነው፣ ከእነሱ ጋር መቆጠሩን አትወደውም ወይ ብለው ጠየቁት።

«ክብሩን እወደው ነበር ጌታዬ፤ ነገር ግን እነሱ ሞተዋል፣ እኔ ገና ነኝ።»