የአንጓች ሦስተኛዋ ምስክር

የወይራ ግንብ ከተማ የምዕራብ ቅጥር የፈረሰው ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በዝናብ ነው። ከሥሩ ዐሥራ አንድ የሸማኔ ጉድጓድ ነበር። ዐሥራ አንዱም በድንጋይ ተሞላ። ሰው አልሞተም። የሞተው አንድ በቅሎ ነው።

ዓመቱን የጻፈው የለም። ቆርቆሮ ለአገሩ ብርቅ የነበረበት፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት ለማየት ሰው ስንቅ ቋጥሮ የሚመጣበት ዘመን ነበር፤ ቅድመ አያቶቻችን ገና በእናታቸው ጀርባ ሳሉ። እኛ ከእነሱ ሰማን፤ እናንተ ደግሞ ከእኛ ስሙ።

በዚያ ዘመን አንጓች የምትባል ኖራ አቃጣይ ነበረች። ከከተማው በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ የኖራ ድንጋይ ታቃጥላለች። ያቃጠለችውን በውሃ ታበርዳለች። ያበረደችውን ጉድጓድ ከታ ሦስት ክረምት ታሳድራለች። ሦስት ክረምት ያላደረ ኖራ ቅጥሩን አይነካም፤ የእናቷም የአያቷም ደንብ ይኸው ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ መሰላል ተሸክማ ትመጣና የቅጥሩን ስንጥቅ ትደፍናለች። እጇን ኖራ በልቶት እስከ ክርኗ ነጭ ነው። ሰዉ «እጀ ነጯ» ይላታል። መንገድ ላይ ሲያገኛት እጅ አይሰጣትም፤ ድግስ ሲጠራት ከበሩ አጠገብ ያስቀምጣታል።

ባሏ አበጀ ሸማኔ ነው። ቀኝ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰለለ ነው። ጠዋት አዝላ ወስዳ ከጉድጓዱ ታስገባዋለች፤ ማታ ከጉድጓዱ አውጥታ አዝላ ትመልሰዋለች። የከተማው ሸማኔዎች ጉድጓድ ከምዕራቡ ቅጥር ሥር፣ በውጭው በኩል ነበር። በየጉድጓዱ ላይ የሣር ዳስ አለ፤ እዚያ ነፋስ አይደርስም፤ ክር አይበጠስም። ጉድጓዱን ለሳምንት የተወ ሸማኔ ለሌላ ይሰጥበታል።

የከተማው ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል ባለ ፎቅ ቤት ሊሠሩ አሰቡ፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስተዋት የሆነ። ሰዉ ደስ አለው። አንጓችም ደስ አላት፤ መስተዋት አይታ አታውቅም ነበር። ሠሪው ባሻ ውቤ የሚባል ሰው ነው፤ ምጽዋ ወርዶ ሲሚንቶ ማቡካት ተምሮ የመጣ፣ ሲናገር እጁን ከወገቡ የማያነሳ። ባሻ ውቤ ለቤቱ ሦስት ግድግዳ ብቻ አቆመ። ለአራተኛው አሮጌውን ቅጥር ተጠቀመበት። ቅጥሩን በስቶ የፎቁን ግንዶች ከሆዱ ሰካ። የቆርቆሮው ውሃ በቅጥሩ አናት ላይ እንዲፈስ አደረገ። ከዚያ ቅጥሩን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ መረገው። ቅጥሩ እንደ ተላጨ ራስ ለሰለሰ። ሰዉ እየመጣ ይዳስሰው ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ሲሚንቶው ላይ ስንጥቅ ወጣ። ስንጥቁ ከአበጀ ጉድጓድ በላይ ጀምሮ እስከ ፎቁ ግንዶች ይሄዳል።

አንጓች ከዋንዛው ሥር፣ ፊታውራሪ ከሚያስችሉበት ሸንጎ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ቅጥሩ ይጠጣል» አለች። «ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ያወጣል። ኖራ ያሳልፍለታል። ይኼ ግራጫ ልባስ አያሳልፍለትም። ጠጥቶ መሽናት የተከለከለ ሰው ስንት ቀን ይቆያል?»

ሸንጎው ሳቀ። ባሻ ውቤ ከሁሉ በላይ ሳቀ።

«ባሕር ውስጥ ግንብ ሲሠራበት ባይኔ ያየሁትን ዕቃ አንቺ ልታስተምሪኝ? መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢና ነይ!»

«ባሻ፣ ታጥቤ ነው የመጣሁት» አለች። «አልለቅ ካለ ምን ላድርግ?»

ሸንጎው አሁንም ሳቀ፤ በዚህኛው ባሻ ውቤ አልሳቀም።

ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም። «የምትይውን የሚመሰክርልሽ አለ?» ብለው ጠየቋት። «ያገሩ ሕግ ሦስት ምስክር ነው።»

አንጓች ግንበኞቹን አየቻቸው። ግንበኞቹ መሬት መሬት አዩ፤ ሁሉም እንጀራው ከባሻ ውቤ እጅ ነው።

«ሦስት ምስክር አቀርባለሁ» አለች። «ሰው ግን አይደሉም።»

ነገሩን አስረዳች። በስንጥቁ ላይ ሲሚንቶውን ፍቃ፣ ከድንጋዩ ላይ ሦስት የኖራ ሊጥ ትለጥፋለች፤ ስፋቱ መዳፍ፣ ውፍረቱ ጣት የሚያህል። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከላይ ከግንዶቹ ሥር። ቅጥሩ ካልተነቃነቀ ኖራው ደህና ይቆያል። ቅጥሩ የጤፍ ፍሬ ያህል ከተነቃነቀ ኖራው ይሰበራል። ሦስቱም ከተሰበሩ ሸማኔዎቹ ይነሡ፣ ቤቱም ከቅጥሩ ይላቀቅ።

«ባይሰበሩስ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ባይሰበሩማ ሥራዬን አርክሳለችና አርባ ትገረፍ» አለ ባሻ ውቤ። «ከነባሏም ከከተማው ትውጣ።»

«ይሁን» አለች።

ፊታውራሪ ቀኑን ለቡሄ ቀጠሩ።

ያን ቀን ማታ አበጀ ጀርባዋ ላይ ሆኖ አኮረፈ። «ባንቺ አፍ እኔ ጉድጓዴን ላጣ ነው» አላት።

«ጉድጓድህን ብታጣ ይሻላል፤ ጉድጓድህ ውስጥ ከምትቀር።»

«አርባ ጅራፍስ?»

«ዝም በል፤ እየከበድከኝ ነው።»

የመጀመሪያዋ ምስክር ሐምሌ በአቦ ዕለት ተሰበረች። ከታች ያለችው ነበረች። አንጓች አይታ ጮኸች፤ ሰዉ መጣ። ባሻ ውቤም መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና አለ።

«ፍየል ታክካባታለች» አለ። «አንቺ በፍየል ምስክርነት ነው የምትከራከሪው?»

ሰዉ ሳቀ። ፊታውራሪ ግን ፍየል እንዳይደርስ ዘበኛ አቆሙ። ዘበኛው ቀን ከሌት ይፈራረቅ ነበር። ከአንጓች በቀር ማንም ቅጥሩን እንዳይነካ ታዘዘ፤ እሷም ብትሆን በየጠዋቱ አንድ ጊዜ፣ ዘበኛው ከመሰላሉ ሥር ቆሞ፣ ወጥታ ታያለች እንጂ ሌላ አይፈቀድላትም።

ሁለተኛዋ ምስክር ፍልሰታ በገባች ዕለት ተሰበረች። ከመሐል፣ ከሰው ቁመት በላይ ያለችው ነበረች። ፍየል አይደርስባትም። ዘበኛው ሰው እንዳልነካት በማርያም ስም ማለ።

ያን ጊዜ ሰዉ ደነገጠ። መሳቅ ቀረ። ቅጥሩን ይዳስስ የነበረው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ባሻ ውቤ መጥቶ አየ። «ሁለት ምስክር ሕግ አይሞላም» አለ። እውነቱን ነው፤ አይሞላም።

ፊታውራሪም «ሕግ ሕግ ነው» አሉ። ሸማኔዎቹም በየጉድጓዳቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ሦስተኛዋ ምስክር አልተሰበረችም። ነሐሴ አምስት ሆነ፤ አልተሰበረችም። ነሐሴ ስምንት ሆነ፤ አልተሰበረችም። ቡሄ ደረሰ፤ ልጆች ጅራፍ ገምደው ከቅጥሩ ማዶ ካለው ሜዳ ማጮህ ጀመሩ። ጧ! ጧ! ይላል ቀኑን ሙሉ።

እዚህ ላይ ከተማው በሙሉ ተሳሳተ። ሌላ አገር፣ ቡሄን የማያውቅ ሰው፣ እንዲህ አይሳሳትም ነበር። ጧ ባለ ቁጥር ሰዉ ፈገግ ይላል። አበጀም ከጉድጓዱ ሆኖ «ዘንድሮ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» ይል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከቡሄ አንድ ቀን በፊት፣ ጎህ ሳይቀድ የጀመረ ዝናብ ይዘንብ ነበር። አንጓች አበጀን አዝላ መጣች። ከጉድጓዱ አስገባችው። መወርወሪያውን ሰጠችው፤ የክር መቁረጫ ቢላዋውን ከጎኑ አስቀመጠችለት። ቀና ስትል ጧ አለ።

«ልጆቹ» አለ አበጀ።

አንጓች ወደ ሜዳው አየች። ሜዳው ባዶ ነው። ጅራፍ ሲረጥብ አይጮህም፤ ይህን የማያውቅ የወይራ ግንብ ሰው የለም። እንደገና ጧ አለ። ድምፁ የመጣው ከቅጥሩ ሆድ ነው።

ወደ ላይ አየች። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ የአበጀን ጋቢ ከትከሻው አስተካከለች። መሰላሉን አቁማ ወጣች። ዘበኛው እንደ ልማዱ ከሥር ቆመ።

አበጀ «አንቺ፣ ቢላዬን አይተሻል?» ብሎ ጠራ። አልመለሰችለትም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የምናውቀው ዘበኛው በሸንጎ ምሎ ከተናገረው ነው። ቃሉ ይህ ነው፦ «ወደ ምስክሯ ደረሰች። ነጠላዋን ከላይዋ አድርጋ ዝናቡን ጠረገችላት። ቆይታ ‘ተሰበረች!’ ብላ ጮኸች። ግማሿ ከእግሬ ሥር ጭቃ ላይ ወደቀች፤ እኔው ነኝ ያነሳኋት።»

ዘበኛው ቁራጩን ይዞ ሮጠ። ፊታውራሪ ተቀበሉት፤ አገላብጠው አዩት። «ሕግ ሞላ» አሉ። «ሸማኔዎቹን አውጡ!»

ሸማኔዎቹ እየተጎተቱ ወጡ። የመጨረሻው አበጀ ነበር፤ እምቢ አለ። «ሸማው ሊያልቅ አንድ ክንድ ቀረኝ! የፊታውራሪ ሚስት፣ የእመቤት ነው!»

«እመቤት ራቁታቸውን አይሄዱም፤ ውጣ!» አለ ዘበኛው። አንጓች በብብቱ ገብታ መነጨቀችው። አዝላው በጭቃው ላይ ሮጠች። ያን ያህል ዘመን አዝላዋለች፤ አዝላው ስትሮጥ የታየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ባሻ ውቤ ወሬውን ሰምቶ በበቅሎው ደረሰ። በቅሎውን ከባዶዎቹ ጉድጓዶች አጠገብ አሰረ። በእግሩ ወደ ዋንዛው ሄዶ ከፊታውራሪ ፊት ቆመ። እጁ ወገቡ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህ ቅጥር ገና መቶ ዓመት…» አለ።

ቅጥሩ ፈረሰ።

የጮኸ ሰው አልነበረም። ያዩት ሁሉ የሚሉት ይህን ነው፤ የጮኸ አልነበረም። ሲሚንቶው እንደ ቆዳ በትልልቁ ተገፈፈ። ከኋላው ድንጋይ አልነበረም የወጣው፤ ውሃ የጠገበ የቅጥሩ ሆድ እንደ አጥሚት ፈሰሰ። ድንጋዩ ከዚያ በኋላ መጣ። ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተሞሉ። አዲሱ ቤት አንድ ጎኑን አጥቶ ቀረ፤ የፊታውራሪ አልጋ ከፎቁ ጫፍ ላይ ሁለት እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። የባሻ ውቤ እጅ ከወገቡ ወረደ። አበጀ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ።

ፊታውራሪ «ቤቱን ላፍርሰው?» ብለው የጠየቁት አንጓችን ነው።

«ምን በወጣው ጌታዬ? ያምራል እኮ» አለች። «አራተኛ ግድግዳ ይሥሩለት። ከቅጥሩም ሰባት እርምጃ ያርቁት። ሽማግሌና ጎረምሳ አንድ አልጋ ላይ ከተኙ ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ።»

እንዳለችው ሆነ። ቅጥሩ በኖራ ተሠራ። ቤቱ ለብቻው ቆመ፤ መሠረቱ በሲሚንቶ ታሰረ፤ እስከ ዛሬም አለ። «ታጠቢና ነይ» ያላት ባሻ ውቤ ከኖራ ጉድጓዷ አጠገብ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሥራዋን ተማረ፤ የእሱም እጅ ነጣ። አበጀ ከእሷ በፊት ሞተ፤ በአልጋው ላይ። አንጓች አርጅታ ሞተች። ሲቀብሯት ከተማው በሙሉ ወጣ፤ እጇን ያልጨበጠ ሁሉ ቃሬዛዋን ተሸከመ።

ስለዚህ ነው በወይራ ግንብ ከአሮጌ ቅጥር አጠገብ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ ሦስት የኖራ ምስክር ለጥፎ አንድ ክረምት የሚጠብቀው። ስለዚህ ነው ሰባት እርምጃ የሚርቀው። ስለዚህ ነው ሰው እውነቱን ተናግሮ አላምን ሲሉት «የአንጓች ኖራ አይዋሽም» የሚለው። ሦስቱ ምስክሮች በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በሙዳይ ተቀምጠዋል። ከባድ ክርክር ሲነሣ ሰው በሦስተኛዋ ይምላል።

ካቻምና ከቅጥሩ ማዶ ባለ ስምንት ፎቅ ሆቴል ሊሠራ ታሰበ። የሥራው መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት። ደንቡን አከበረች፤ ምስክር ለመለጠፍም የአንጓችን ኖራ አቦካክ ማወቅ ፈለገች። ቄሰ ገበዙ ሙዳዩን ከፈቱላት። ስብርባሪዎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። ያየችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ለቄሰ ገበዙ ሰጠች፤ አስተያየት አልጨመረችበትም።

የመጀመሪያዋና የሁለተኛዋ ስብራት እንደተቆረሰ ዳቦ ሸካራ ነው። የሦስተኛዋ ለስላሳ ነው፤ በቀጭን ስለት ሦስት ጊዜ ተቆርጧል። ከቁርጡ በአንዱ ውስጥ፣ ከኖራው ጋር ደርቆ፣ የጥጥ ክር ተገኝቷል።